እዚያው ፈጥሮ መጫወት፡- ተሰጥኦ ወይስ ትምህርት?

በአንድ የፋሲካ በዓል ቤተሰቡ እናቴ ቤት ተሰብስቦ ነበር፡፡ ምሳ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ እናቴ የወሎ ሰው ናትና እንደ ልማዷ አምባሰል ማንጎራጎር ጀመረች፡፡ አራት ዓመት ፒያኖ የተማረችው የመጨረሻ ልጄ ትንሿን ኪቦርዷን ይዛ መጥታ ስለነበር፣ አያቷ ‹‹እስቲ ተከተይኝ የኔ እናት›› አለቻት፡፡ ልጄ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና ወደ እኔ ዞር ብላ ‹‹አባዬ፣ ኖታው የታለ?›› አለችኝ፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡ እናቴ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ ‹‹ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን አስተማሯት?›› ስትል ጠየቀችኝ፡፡ የሕግ ሰው ነኝና መልስ አይጠፋኝም፤ ያን ቀን ግን ጠፋኝ፡፡

በዚያው ሳምንት ያረጀች መኪናዬ የበር እጀታዋ ተሰብሮ ሶማሌ ተራ ሄድኩ፡፡ መርካቶን ለማያውቅ አንባቢ፣ ሶማሌ ተራ አሮጌና አዲስ የመኪና መለዋወጫ በመሸጥ የታወቀ የአዲስ ከተማ ሰፈር ነው፡፡ ሾፌሮች ‹‹ትናንት የጠፋብህን ስፖኪዮ ዛሬ እዚያ ሄደህ ትገዛዋለህ›› እያሉ ይቀልዱበታል፡፡ ለእኔ መኪና ሞዴል የሚሆን እጀታ አልተገኘም፡፡ አንድ ወጣት የሌላ ሞዴል እጀታ አመጣና የብሎኖቹን ቀዳዳ ለካ፡፡ ዘንጉን በሞረድ ሞረደው፡፡ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አወጣው፣ በሦስተኛው ገጠመ፡፡ ‹‹በግምት ነው የምትሠራው?›› አልኩት፡፡ ‹‹የለም ጋሼ፤ ብሎኑ አይቀየርም፣ ቀዳዳውም አይቀየርም፤ የሚቀየረው መሐሉ ነው፤›› አለኝ፡፡

የእናቴን ጥያቄ መመለስ የጀመርኩት ከዚያ ነው፡፡ ለልጄ ያልተማረችው ነገር የማይቀየረው የትኛው፣ የሚቀየረው የትኛው እንደሆነ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ሳያነቡ፣ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት እንዴት እንደሚለመድ ለማወቅ ለሚፈልግ፣ በተለይም ልጁን ሙዚቃ ለሚያስተምር ወላጅና ዘግይቶ ክራር ወይም ኪቦርድ ለገዛ ጎልማሳ የተዘጋጀ ነው፡፡

ነገሩ ምንድን ነው?

ሙዚቀኞቻችን ‹‹ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ›› ይሉታል፡፡ ተጫዋቹ አስቀድሞ የተጻፈ ወይም የተጠና ዜማ ሳይደግም፣ በአንድ ቅኝት፣ በአንድ ምትና በአንድ የታወቀ ዜማ ዙሪያ እየተጫወተ እዚያው አዲስ ሐረግ ሲፈጥር ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ነገር ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ፡፡ የመጀመሪያው ‹‹ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ካልተሰጠህ አትልፋ›› የሚለው ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ ‹‹እዚያው ሞላ እዚያው ፈላ ነው፤ ደንብ የለውም፤ ደስ ያለህን መምታት ነው›› የሚለው ነው፡፡ ሁለቱም ሰውን ከመማር የሚያግዱ ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛው ያሳፍራል፡፡ ደስ ያለውን የመታ ጀማሪ የሚወጣው ድምፅ ለራሱም ደስ ስለማይለው መሣሪያውን አልጋ ሥር ይከተዋል፡፡

የአውሮፓ ሙዚቃ በወረቀት ብቻ የሚሠራ የሚመስለንም ካለ ተሳስተናል፡፡ ባኽ፣ ሞዛርትና ቤትሆቨን በዘመናቸው እዚያው ፈጥረው በመጫወት የታወቁ ነበሩ፡፡ ሕንዶች በራጋ፣ ዐረቦች በመቃም ላይ ተመሥርተው ረዥም ሰዓት ይፈጥራሉ፡፡ የአሜሪካ የጃዝ ሰዎችም ቢሆኑ የሚፈጥሩት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በታወቀ የዘፈን መዋቅር ላይ ነው፡፡ በየትኛውም አገር መሐሉ ይቀየራል እንጂ ብሎኑ አይቀየርም፡፡

እኛ ዘንድ የነበረው ትምህርት ቤት

ይህን ለመማር የግድ ቦስተን መሄድ አያስፈልግም፡፡ በቅጽበት የመፍጠር ትምህርት በአገራችን ለዘመናት ሲሰጥ ኖሯል፡፡

የቅኔ ቤቱን እንመልከት፡፡ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የተመሰከረላቸው የቅኔ አገሮች ናቸው፡፡ የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ‹‹የመሰለህን ተቀኝ›› አይባልም፡፡ የግእዙን ግስና አገባብ ያጠናል፤ የመምህሩንና የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ይሰማል፤ ከዚያ ባለ ሁለት ቤት በሆነችው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፡፡ እያደገ ሲሄድ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል፡፡ የቤቱ ብዛት፣ የዜማው ልክና የሰምና ወርቁ ሥርዓት አይቀየርም፡፡ ቅኔው ግን ዕለት ዕለት አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ነውር ነው፡፡ ከዚህ የበለጠ የኢምፕሮቫይዜሽን ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

የእኔንም ሙያ ልጨምር፡፡ ዘመናዊ ሕጎች ከመውጣታቸው በፊት በአገራችን ችሎት ‹‹በላ ልበልሃ›› የሚባል የሙግት ሥርዓት ነበር፡፡ ባለጉዳዩ ወይም ነገረ ፈጁ ኩታውን አጣፍቶ፣ ቃሉን እያስገጠመ፣ ተቃዋሚው አሁን ለተናገረው አሁን መልስ ይሰጥ ነበር፡፡ ወረቀት የለም፡፡ ነገር ግን የሚጠየቅበትና የሚመለስበት ደንብ ነበር፡፡ ደንቡን ያላወቀ አንደበተ ርቱዕ ከመረታት አይድንም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፡፡ አንቀጾቹን ያላነበበ ጠበቃ ችሎት ላይ ነፃነት አያገኝም፤ ይንተባተባል እንጂ፡፡

ሦስተኛው ትምህርት ቤት አዝማሪው ነው፡፡ አዝማሪ ሙያውን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ፣ ከአጎቱ ወይም ከሌላ ታላቅ አዝማሪ ሥር ሆኖ በመስማትና በመከተል ይማራል፡፡ አንዱ እንግዳ ‹‹ተቀበል!›› ብሎ ግጥም ሲያቀብለው፣ ቃሉን ተቀብሎ በማሲንቆው ዜማ ላይ ያስገባዋል፤ ቀጥሎ ከራሱ ይጨምርበታል፡፡ ማሲንቆው የሚጫወታቸውን የመሸጋገሪያ ሐረጎች አዝማሪው በብዛት በቃሉ ይዟቸዋል፡፡ ግጥሙ እስኪመጣለት ድረስ የሚያቆዩት እነሱ ናቸው፡፡ ይህ ሁሉ ችሎታ እያለ ‹‹አዝማሪ›› የሚለው ስም ለስድብ መዋሉ ያሳዝናል፡፡ ልጆቻችን ኖታ ሲጠፋ እጃቸው የሚታሰረው፣ ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሙያ ከትምህርት ስላልቆጠርነው ነው፡፡

የማይቀየረው፡- ቅኝት

ማንኛውም ጀማሪ አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች ማወቅ አለበት፡፡ እነሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፡፡ ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞችም ናቸው፡፡ እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፡፡ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ያለው አንባቢ የሚከተለውን አሁኑኑ መሞከር ይችላል፡፡

ትዝታ ሜጀር፡- ከፋ ሻርፕ ተነሥቶ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ መጫወት ነው፡፡ በነጮቹ ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፡፡

ትዝታ ማይነር፡- ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፡፡ ሁሉም ነጭ ናቸው፡፡

አምባሰል፡- ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፡፡ እነዚህም ሁሉም ነጭ ናቸው፡፡

ባቲ ሜጀር፡- ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፡፡

አንቺሆዬ፡- ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፡፡ አንድ ጥቁር ቁልፍ ብቻ ይፈልጋል፡፡

አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፡፡ ትዝታ ማይነርና አምባሰል ከላይ በተጻፉበት ሁኔታ አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው! ልዩነቱ ቤታቸው ነው፡፡ የመጀመሪያው ላ ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው ሚ ላይ፡፡ ሐረጉን የት ጀምረው፣ የት አንጠልጥለው፣ የት እንደሚያሳርፉት ካላወቁ ትክክለኛዎቹን አምስት ድምፆች መያዝ ብቻውን አምባሰል አያደርግም፡፡ ልጄ አያቷን መከተል ያቃታት ጣቷ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ ዜማው የሚያርፍበትን ቤት የሚያሳያት ሰው ስላልነበረ ነው፡፡

መሣሪያዎቻችንም ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው፡፡ ክራር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክር አለው፡፡ በአንድ ቅኝት ከተቃኘ አምስቱ ክሮች የቅኝቱ ድምፆች ሲሆኑ፣ ስድስተኛው የአንዱ ድምፅ እጥፍ ነው፡፡ ስለዚህ ጀማሪው ከቅኝት መውጣት ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ ሐሳቡን ሁሉ ዜማው ላይ ያደርጋል፡፡ ዋሽንት አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ ትንፋሽ ስለሚጠይቅ ሐረግን አሳጥሮ መናገርን ያስተምራል፡፡ ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት ስለሌለው ጆሮን ያሠለጥናል፡፡ እውነቱን ለመናገር የፒያኖ ድምፅ ከባህል መሣሪያዎቹ አቃኛኘት ጋር በጥቂቱ ይለያያል፤ ማሲንቆ የሚያደርገውን ማንሸራተትና ማንቀጥቀጥ ፒያኖ አያደርገውም፡፡ ለመጀመር ግን አያግድም፡፡

ሦስት አስተማሪዎች

በመሣሪያ መፍጠርን ለመማር የሚሻ ሰው ሦስት ኢትዮጵያውያንን ደጋግሞ ቢሰማ ይጠቀማል፡፡

የመጀመሪያው ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልዶ በ2016 አረፈ፡፡ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ሞክሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገረ ሲሆን፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቷል፡፡ የእሱ ግኝት ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማዛወሩ ነው፡፡ የውጭ ተቺዎች ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል፡፡ እሱ ግን መንገዱን ያገኘው ከአገሩ ፎካሪ ነው፡፡ ከጌታቸው የምንወስደው ትምህርት መሣሪያህን እንደ ሰው አናግረው የሚል ነው፡፡

ሁለተኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ተምሯል፤ የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበረም ይነገርለታል፡፡ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሰየመው ሥራው መሠረታዊ ችግር ነበረው፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከባለ አሥራ ሁለት ድምፁ የምዕራብ ሐርመኒ ጋር ሲያገናኙት ቅኝቱ ሊዋጥና ቃናው ሊጠፋ ይችላል፡፡ ሙላቱ ይህን በጥንቃቄ ነው የፈታው፤ ሐርመኒው ቅኝቱን ያጅባል እንጂ አይጫነውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ‹‹ብሮክን ፍላወርስ›› የተሰኘው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ለዓለም ጆሮ አድርሷል፡፡ ከሙላቱ የምንወስደው ሌላውን ቋንቋ ተማር፣ ቤትህን ግን አትልቀቅ የሚለውን ነው፡፡

ሦስተኛው የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ከቆየ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዳ፡፡ መንገደኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀው፤ በ2018 ‹‹ላላ በሉ›› የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ፡፡ ‹‹ሥራ በዝቶብኛል፣ ጊዜ የለኝም›› ለምንል ባለሙያዎች ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ መልስ የሚሰጠን የለም፡፡

እንዴት ይጀመራል?

ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ከልጄ ጋር ሞክሬዋለሁ፡፡ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል፡፡

1. አንድ ቅኝት ብቻ ይምረጡ፡፡ ቢያንስ ለአንድ ወር አይቀይሩት፡፡ ትዝታ ሜጀር ለአብዛኛው ሰው ይቀላል፡፡

2. መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በጣት፡፡ አንድ አጭር ሐረግ ያንጎራጉሩ፤ ከዚያ መሣሪያው ላይ ይፈልጉት፡፡ ያልተንጎራጎረ ሐረግ የጣት ልማድ እንጂ ሐሳብ አይደለም፡፡

3. በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ብቻ ይፍጠሩ፡፡ ቅኔ በጉባኤ ቃና እንደሚጀመር ሁሉ፡፡ ድምፁ ሲያንስ ተጫዋቹ ምቱን፣ ርዝመቱንና ዝምታውን ለመቀየር ይገደዳል፡፡

4. ምቱን አይልቀቁ፡፡ ባለ ስድስት ምቱን ችክችካ በእግርዎ እየመቱ ይጫወቱ፡፡ በምት ላይ የተሳሳተ ድምፅ ጌጥ ይመስላል፤ ከምት የወጣ ትክክለኛ ድምፅ ግን ስህተት ነው፡፡

5. ጠይቀው ይመልሱ፡፡ አንዱን ሐረግ ከቤቱ ውጭ አንጠልጥለው ይተዉት፣ ቀጣዩን ቤቱ ላይ ያሳርፉት፡፡ በላ ልበልሃ ማለት ይኸው ነው፡፡

6. አንድ ሶሎ ከቴፕ ወይም ከስልክ በጆሮ ይቅዱ፡፡ ኖታ አይፈልጉለት፡፡ አሥር ሰኮንድ ከሆነም ይበቃል፡፡ ከያዙት በኋላ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ትተው መሐሉን ይቀይሩ፡፡

7. ሲሳሳቱ አይቁሙ፡፡ የተሳሳተውን ሐረግ ሆን ብለው ይድገሙት፡፡ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ሰሚው እንደ ሐሳብ ይቆጥረዋል፤ እርስዎም ከእሱ የሚወጡበትን መንገድ ይማራሉ፡፡

8. ከሰው ጋር ይጫወቱ፡፡ ለዘፋኝ፣ ለጨፋሪ ወይም ለምታንጎራጉር እናት ማጀብ ከብቻ ልምምድ የበለጠ ያስተምራል፡፡

ለወላጆች አንድ ምክር ልጨምር፡፡ ኖታን መማር ጥሩ ነው፤ እኔ ኖታ ይቅር አላልኩም፡፡ አስተማሪ ስትቀጥሩ ግን ‹‹ልጄ ያለ ወረቀት የምትጫወትበት ሰዓት አለ ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ፡፡ የልጄ የቀድሞ አስተማሪ ‹‹ያ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ነው›› ብሎን ነበር፤ እኔም አምኜ ዝም አልኩ፡፡ ጥፋቱ የእኔም ነው፡፡ ልጅ አፍ የሚፈታው ፊደል ከቆጠረ በኋላ ነው እንደማለት ነውና፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

የሕግ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ልማዴ አይሆንም፡፡ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ እንግዲህ ሌሊት በአንድ ቤት የተፈጠረ ድንቅ ዜማ ካልተቀዳ ወይም ካልተጻፈ፣ እንደ ድርሰት በሕግ ዓይን ለመከላከል አስቸጋሪ ነው፡፡ በሌላ በኩል አዋጁ ለከዋኞች የራሳቸውን መብት ሰጥቷል፤ ያልተቀዳን ክዋኔ የመቅዳት ፈቃድ የከዋኙ ነው፡፡ ስለዚህ በአዝማሪ ቤት ስልኩን አውጥቶ ለሽያጭ የሚቀዳ ሰው ያስብበት፡፡ ቅኝቶቹ ግን የማንም የግል ንብረት አይደሉም፡፡ በትዝታ ቅኝት ለመፍጠር ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፡፡

ለጀማሪ የሚሰጠው ምክርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፡፡ በየቀኑ የፈጠሩትን በስልክዎ ይቅዱ፡፡ ከሳምንት በኋላ ሲሰሙት የተሻለ ዳኛ ይሆናሉ፤ ጥሩ ሐረግ ከተገኘም ማስረጃ በእጅዎ ነው፡፡

ለመውጫ

የሶማሌ ተራው ወጣት የገጠመልኝ እጀታ ከመኪናዋ ጋር አይመሳሰልም፤ በሩን ግን ሳይቸገር ይከፍታል፡፡ ወጣቱን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፡፡ ያ ብልሃት ግን እንዲያው የመጣለት እንዳልሆነ እጁን አይቶ መመስከር ይቻላል፡፡

በሚቀጥለው ፋሲካ እናቴ እንደገና አምባሰሏን አነሣች፡፡ ልጄ ኪቦርዷን ከፍታ ሚን ፈልጋ አገኘችና ጠበቀች፡፡ አያቷ ሐረጉን ስታሳርፍ እሷ በሦስት ድምፅ ትመልሳለች፡፡ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳተች፤ የሳተችውን ደገመችው፣ አያቷም ሳትስቅባት ያንኑ ተቀበለቻት፡፡ የሙዚቃ ሊቅ ቢሰማው ብዙ ጉድለት ያወጣለት ነበር፡፡ እናቴ ግን ቡናዋን አስቀምጣ ‹‹አሁን ገና ተማርሽ›› አለቻት፡፡

ክራር፣ ዋሽንት ወይም ኪቦርድ ቤታችሁ ካለ አቧራውን አራግፉለት፡፡ ቸር እንሰንብት!